ሰባ ብር የከፈልኩበት ሳሙራይ፦ ከጅማ መርካቶ የተጫነ ትረካ

ቶሎ ልናገርና ልገላገል። ስለ አንድ ሳሙራይ፣ ማለት የድሮ ጃፓን ጦረኛ፣ የሚያወራው የድምፅ ትረካ ጥሩ ነው፣ 70 ብሩ አያስቆጭም፣ ክፍል ሁለትን ግን ዝለሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ መርካቶ፣ ጫማና የሞባይል ከቨር የሚሸጡት በተደረደሩበት መተላለፊያ ውስጥ አንዲት ፍላሽ መጫኛ ቤት አለች። ቤት ለማለትም ይከብዳል፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚስተናገደው። ፊልሙ፣ መንዙማው፣ መዝሙሩ፣ የኦሮምኛ ሙዚቃው፣ የቱርክ ድራማው ሁሉም በየፎልደሩ ተቀምጧል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የታሪክ ትረካ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። የባጃጅ ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ልብስ ሰፊ፣ ብቻ እጁ ሥራ ይዞ ጆሮው ክፍት የሆነ ሁሉ ደንበኛ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ልጁ የማስጭነውን ያውቃል። ገና ሚሞሪዬን ሳላወጣ፣

"ጋሼ፣ ሳሙራይ ገብቷል። አዲስ ነው፣ ይውሰዱት" አለኝ።

"ያስኬ ነው?"

"አይ፣ ያስኬማ አለቀበት። ይሄኛው ገጣሚ ነው።"

ልክ ነው፣ ያስኬ አልቆበታል። ከሚስዮናውያን ጋር ጃፓን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1581 በጦር አበጋዙ በኦዳ ኖቡናጋ ፊት የቀረበውንና እሱ ዘንድ ያገለገለውን ያንን ጥቁር ሰው ያልተረከ ተራኪ የለም። ስለዚህ ሌላ ሳሙራይ መባሉ ራሱ ደስ አለኝ። ገጣሚ መባሉ ደግሞ ጨረሰኝ። ጫንኩት።

ትረካው ዘጠኝ ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ባለታሪኩ ሆሶካዋ ፉጂታካ ይባላል። ኋላ ራሱን ተላጭቶ ዩሳይ ተብሏል፤ ትረካውም ከመጀመሪያው ዩሳይ እያለ ነው የሚሄድ፣ እኔም እንደዚያው ልበል። እ.ኤ.አ. በ1534 ኪዮቶ ተወለደ፣ በ1610 እዚያው ኪዮቶ አረፈ። በዚያ መሃል ጃፓን እርስ በርሷ ስትባላ ነው የኖረችው። ሰውዬው መጀመሪያ የአሺካጋ ሾጉኖችን (ሾጉን በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን የሚገዛ የጦር አለቃ ነው) አገለገለ፣ ቀጥሎ ኦዳ ኖቡናጋን፣ ቀጥሎ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺን፣ በመጨረሻም ከቶኩጋዋ ኢያሱ ወገን ሆነ። ጌታ ሲወድቅ አሽከሩ አብሮ በሚወድቅበት ዘመን ይሄን ሁሉ አልፎ፣ አርጅቶ ሞተ። እንዴት? ትረካው መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነበር። አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ሰይፍ ሲያፏጭ ይረሳዋል።

ክፍል አንድ አሪፍ ነው። በ1565 ሾጉኑ ዮሺቴሩ ገዛ ቤቱ ውስጥ ተከቦ ይገደላል። ወንድሙ ናራ ውስጥ መነኩሴ ነው፣ እሱንም ዘብ አቁመውበታል። ዩሳይና ጓደኞቹ ያንን መነኩሴ በዘዴ አውጥተው ይዘውት ይጠፋሉ። ከዚያ በየአገሩ እየዞሩ "ይሄ የሾጉን ወንድም ነው፣ ማን ይረዳናል?" ማለት ነው ሥራቸው። በመጨረሻ የረዳቸው ኖቡናጋ ሆነ፣ መነኩሴውም በ1568 ዮሺያኪ ተብሎ ሾጉን ሆነ። በዚያ የስደት ጊዜ ዩሳይ ከመደህየቱ የተነሳ ማታ ማታ ለማንበብ የመቅደስ መብራት ዘይት ይሰርቅ ነበር ይባላል። ተራኪው እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወሬ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ ይነግራችኋል። እኛ ሰፈር መብራት በጠፋበት ማታ ስለሰማሁት ይሁን አላውቅም፣ በጣም ነው የገባኝ።

ክፍል ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። ሳሙራይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰይፉ እንዴት እንደሚቀጠቀጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ ኧረ ምኑ ቅጡ። በየመሃሉ ሻ! ሻ! የሚል የፊልም ድምፅ አለ። ስለ ዩሳይ የሚነገረው ነገር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ የፈረጠጠ በሬ መጣበት፣ ቀንዱን ይዞ አቆመው የሚል ተረት። ተረቱ ደስ ይላል፣ ግን ተራኪው በሬውን ሩብ ሰዓት ያህል አስሮጠው። በሬው ራሱ ደክሞት ነው የቆመው።

ክፍል ሦስት የተሻለ ነው፣ ግን ይሮጣል። ዩሳይ ከሰይፍና ከቀስት ሌላ ሻይ ማፍላት ያውቃል፣ ምግብ ማሰናዳት ያውቃል፣ ኖህ በሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ቲያትር ላይ ከበሮ ይመታል፣ የቤተ መንግሥት ኳስ ይጫወታል። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረና ልክ አሁን ሊያብራራ ነው ስንል ስለ ሻይ ሥርዓት ሲያወራ ቡናችንን አመጣው። ረከቦቱን፣ ዕጣኑን፣ አቦል ቶናውን ሳይቀር። ወንድሜ፣ ጅማ ለተቀመጠ ሰው ቡና አፈላል አይነገርም! ያንን ሰዓት ለዩሳይ ልጅ ለታዳኦኪ ቢሰጠው ምን ነበረበት? ታዳኦኪ ከታላቁ የሻይ መምህር ከሴን ኖ ሪኪዩ ዋና ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው። በ1591 ሂዴዮሺ ሪኪዩን ተቆጥቶ ከኪዮቶ ሲያባርረው ሁሉም ሰው በፍርሃት ቤቱ ተሸሸገ። ወንዝ ዳር ወርደው የሸኙት ታዳኦኪና ፉሩታ ኦሪቤ ናቸው። ከዚያ ሪኪዩ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። ይሄ በትረካው አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው ያገኘው። ቡናው አሥር ደቂቃ።

ከክፍል አራት ጀምሮ ነው ነገሩ የሚከርረው። በ1573 ኖቡናጋና ያ ያነገሡት ሾጉን ተጣሉ፣ ሾጉኑ ተባረረ። ዩሳይ የኖቡናጋን ወገን መረጠ። ያንን መነኩሴ ከናራ ያወጣው እሱ ራሱ ነበር እኮ። ተራኪው ይሄን "አርቆ አሳቢነት" ብሎ አለፈው። እኔ ግን ትንሽ ቢያስጨንቀው እወድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዲሁ በቀላሉ አይዋጥም።

ቀጥሎ 1582 ይመጣል። አኬቺ ሚትሱሂዴ የዩሳይ የረጅም ጊዜ ባልንጀራ ነው። ባልንጀራ ብቻ አይደለም፣ አማች ናቸው፤ የሚትሱሂዴ ልጅ ታማ የታዳኦኪ ሚስት ናት። ይሄ ሰው ኪዮቶ ውስጥ ሆኖጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ያደረውን ጌታውን ኖቡናጋን ሌሊት ከቦ አጠፋው። ከዚያ ለዩሳይ ላከበት፣ ና፣ አብረን እንሁን፣ ልጆቻችንም ተጋብተዋል ብሎ። ዩሳይ ምን አደረገ? ፀጉሩን ተላጨ። ለሞተው ጌታዬ ሐዘን ላይ ነኝ አለ፣ ሹመቱን ለልጁ አስረከበ፣ ስሙን ቀየረ፣ ቤቱ ተቀመጠ። አልዘመተም፣ አልተሳደበም። ሂዴዮሺ ተመልሶ ሚትሱሂዴን ያማዛኪ ላይ ሲያሸንፈው ሁለት ሳምንት አልሞላም።

ይሄን ክፍል ከጎረቤታችን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ነው የሰማሁት። እሳቸው ትረካ አይወዱም፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ነው። ልክ ፀጉር የተላጨው ላይ ሲደርስ "እንግዲህ ይሄ የአባ ጅፋር ሰው ነው" አሉና ሳቁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር እየከፈሉ ጅማን ከመዘረፍ ያዳኑ፣ መንግሥታቸውንም ለብዙ ዓመት ያቆዩ መሆናቸውን እዚህ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ድረስ ወጥቶ ያላየ ካለ ይውጣ። "ባርያችን ነህ ሲሉህ ዝም፣ ጌታችን ነህ ሲሉህም ዝም፤ አገርህ ይተርፋል" አሉኝ ደግሞ። ተራኪው እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ያንን ሁሉ ሙዚቃ አያበዛም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ክፍል ስድስትና ሰባት። እነዚህን ሁለቱን ብቻ በ70 ብር ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር።

ዘመኑ 1600 ነው። ሂዴዮሺ ሞቷል፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ አንደኛው ወገን ቶኩጋዋ ኢያሱ፣ ሌላው ኢሺዳ ሚትሱናሪ። ታዳኦኪ ሠራዊቱን ይዞ ከኢያሱ ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። አባትየው ዩሳይ፣ ስድሳ አምስትን ያለፈ ሽማግሌ፣ ታናቤ በሚባል ምሽግ ቀርቷል። ታናቤ ዛሬ ማይዙሩ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ነው ያለው። አብሮት ያለው ሰው 500 ገደማ። ከበባ ያደረገበት የሚትሱናሪ ወገን ጦር 15,000 ገደማ። በዚህ ሂሳብ ሦስት ቀን ይበቃ ነበር። ሁለት ወር ሊሆነው ጥቂት እስኪቀረው ቆየ።

ለምን? እዚህ ጋ ነው ትረካው የሚያምረው። ከበቡት ከሚባሉት አዛዦች ውስጥ ዩሳይ ግጥም ያስተማራቸው አሉበት። መምህራቸውን መግደል አልሆነላቸውም። እንዲያውም መድፉን ያለ አረር ይተኩሱ ነበር ይባላል፤ ድምፁ ብቻ እንዲሰማ። ተራኪው ይሄን ሲነግር ዝም ይላል፣ አንድ ቡም! የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ምንም። ዘጠኙ ክፍል ውስጥ በልኩ የገባ የድምፅ ማጀቢያ ይሄ ብቻ ነው፣ ግን ያቺ አንዷ ለሁሉም ትካሳለች።

ነገሩ ግን ከተማሪዎቹ ርኅራኄም በላይ ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተሰበሰበ ኮኪንሹ የሚባል የግጥም መድበል አለ፣ ከ1,100 ያላነሰ ግጥም የያዘ። የግጥሞቹ ምሥጢራዊ ትርጓሜ ለሁሉ አይነገርም፤ መምህሩ ለመረጠው ተማሪ ብቻ ነው የሚያወርሰው። ቅኔ ቤት ገብቶ ከመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መጽሐፉ በእጅህ ቢኖርም መምህሩ ካልፈታልህ ወርቁን አታገኘውም። ዩሳይ ይሄን ከሳንጆኒሺ ሳኔኪ ተቀብሏል። በዚያን ሰዓት ሙሉውን የያዘው እሱ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ለጎ ዮዜይ ወንድም ለልዑል ቶሺሂቶ ማስተማር ጀምሮ ነበር፣ አልጨረሰም። ዩሳይ ታናቤ ውስጥ ከሞተ ትምህርቱ አብሮት ይቀበራል።

ልዑሉ መልእክተኛ ላከ፦ እጅህን ስጥና ውጣ። ዩሳይ እምቢ አለ። ወታደር ነኝ፣ እዚሁ እሞታለሁ አለ። ግን ጽሑፎቹን በሣጥን አድርጎ ላከለት፣ አንዲት ግጥምም ጨመረበት። የግጥሟ ሐሳብ ባጭሩ፣ ዓለም ድሮም አሁንም ያው ነው፣ የልብን ዘር የሚያቆየው ቃል ነው የሚል ነው። እዚህ ጋ ተራኪው ግጥሟን በራሱ አማርኛ ቤት አስመትቶ አነበባት። ቤት የመታችው በግድ ነው፣ ትንሽ ሳቄ መጣ። ሁለተኛ ሲያነባት ግን አልሳቅኩም።

በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ገቡበት። ከቤተ መንግሥት መልእክተኞች መጡ፣ ለከበበውም ለተከበበውም፣ ውጊያው እንዲቆም። ያኔ ነው ዩሳይ ምሽጉን አስረክቦ የወጣው። ያ የከበበው ሠራዊትስ? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1600 ሴኪጋሃራ ላይ የአገሩ ዕጣ ሲወሰን፣ ኢያሱ ሲያሸንፍ፣ እነዚያ 15,000 ሰዎች እዚያ አልነበሩም። አንድ ሽማግሌ ታናቤ ላይ ይዟቸው ነበራ! ታዳኦኪ ከድሉ በኋላ ወደ 400,000 ኮኩ የሚጠጋ ግዛት ተሰጠው። (ኮኩ ማለት አንድ ሰው ዓመት የሚበላው ሩዝ ነው፣ 180 ሊትር ገደማ። ተራኪው ኮኩ ኮኩ ይላል እንጂ አልነገረንም።)

አሁን ወደ ወቀሳው። ተራኪው ዩሳይን ሲያስተዋውቅ ሁልጊዜ "አይበገሬው የጦር ሰው" ይላል። በየክፍሉ መጀመሪያ፣ ያው ከበሮ፣ ያው ቃል። እሺ፣ ተዋጊ ነው፣ ማንም አልካደም። ግን የራሱ ትረካ የሚናገረው ሌላ ነው። ሰውዬውን በ1600 ያተረፈው የሚያውቀው ነገር ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የያዘው። 15,000 ሰው ያቆመውን ነገር ትቶ በሬ ያቆመበትን ማስታወቂያ ማድረግ ምን ይሉታል? ሻጩ ልጅ ተሽሎ ተገኘ፤ "ገጣሚ ነው" ነው ያለኝ።

ሌላው፣ ሴቶቹ። ታማ፣ ክርስትና ተነስታ ግራሲያ የተባለችው የታዳኦኪ ሚስት፣ በዚያው 1600 ኦሳካ ውስጥ የሚትሱናሪ ሰዎች መያዣ ሊያደርጓት ሲመጡ አልያዝም አለች። ሃይማኖቷ ራሷን ማጥፋት ስለማይፈቅድላት የቤቱ ባለሟል ነው የገደላት፣ ቤቱም ተቃጠለ። ይሄ የሆነው ከታናቤ ከበባ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ትረካው ግን ክፍል ስምንት ላይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ እንደ ትርፍ ነገር ነው ያስገባው። ስንሰማ ሽማግሌው ምራቱ ሞታ፣ ልጁ ሩቅ ሆኖ እየተከበበ መሆኑን አናውቅም። ማወቅ ነበረብን። የዩሳይ ሚስት ጃኮ ደግሞ ጭራሽ የለችም። እሷም ጥሩር ለብሳ ከበባው ውስጥ ትዞር ነበር ይባላል።

ዓመተ ምሕረቱም ያናድዳል። 1582፣ 1600 እያለ ይጠራል፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አንዴም አይናገርም። በፈረንጅ ነው። "እ.ኤ.አ." ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ክፍል ዘጠኝ አጭር ነው፣ ስለ ዘሮቹ። ቤተሰቡ በ1632 ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ፣ እስከ ሳሙራይ ዘመን ማብቂያም እዚያው ገዛ። ከዚህ ቤት የተወለደ ሞሪሂሮ ሆሶካዋ በ1993 የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ ፖለቲካውን ሲተው ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሆነ። ይቺን ሳላውቃት ነው የኖርኩት፣ ለሰው ሁሉ ነው ያወራኋት።

ስለ ቤቷም ልበል። ልጁ ጨዋ ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ያስተናግዳል፣ ዋጋ አይቀያይርም። ግን ፋይሎቹን "ሳሙራይ 1"፣ "ሳሙራይ አዲስ"፣ "ሳሙራይ የመጨረሻ የመጨረሻ" ብሎ ነው የሰየማቸው፣ ቅደም ተከተሉ ይጠፋችኋል። ይባስ ብሎ የኔ ክፍል ስድስት መድፉ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። መልሼ ወሰድኩለት፣ ሳያንገራግር ሌላ ኮፒ ጫነልኝ፣ ተጨማሪም አልተቀበለም። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ ነው። በባጃጅ ስፒከር ግን ከበሮው ተራኪውን ይውጠዋል።

የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ አትሂዱ፣ ገበያ ነው፣ መተላለፊያው አያላውስም። ስድስት ጊጋ ባዶ ቦታ አያስፈልግም፣ ግማሽ ጊጋ ይበቃል። ክፍል ስድስትን እዚያው ቆማችሁ ወደ መጨረሻው አካባቢ ከፍታችሁ ስሙት፤ ቡም የሚለው ድምፅ ከተሰማችሁ ሙሉው ኮፒ ነው፣ ክፈሉና ውጡ።